ጥም የሰየመው አበባ

(በአዲስ አበባ ለተሰበሰቡ የአትክልት ወዳጆች በመስከረም ወር የተደረገ ንግግር፤ ተናጋሪው ለንባብ እንዲመች አስተካክሎታል።)

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ቁጥቋጦ ነው። ስሙ ኮሪዜማ ይባላል። «ዜማ» ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ አሉ፤ ቅዱስ ያሬድ ትዝ ብሏችሁ እንደሆነ እገምታለሁ። እኔም ስሙን መጀመሪያ ከአንዲት የእንጨት ምልክት ላይ ሳነብ ያው ነው የመጣብኝ። ነገር ግን ይህ ዜማ የእኛው ዜማ አይደለም። በሰፊው ሲተረክ እንደኖረው ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ኮሮስ» ጭፈራ ማለት ነው፣ «ዜማ» ደግሞ የሚጠጣ ነገር። ጭፈራና መጠጥ! ለአበባ ሳይሆን ለሠርግ ቤት የወጣ ስም ይመስላል። እንዲህ ያለ ስም እንዴት እንደወጣለት ላጫውታችሁ።

በ1791 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሁለት መርከቦች ከፈረንሳይ ተነሡ። የአንዷ ስም በእኛ ቋንቋ «ፍለጋ»፣ የሌላዋ «ተስፋ» ነበር። የሚፈልጉት ላ ፔሩዝ የተባለውን የባሕር ተጓዥ ነው፤ ይህ ሰው በ1788 ከአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ መልሕቁን ነቅሎ ከሄደ በኋላ ደብዛው ጠፍቶ ነበር። የፍለጋው አዛዥ ዳንትርካስቶ ሲሆን ከመርከቡ ሰዎች አንዱ ላቢያርዲየር የተባለ የዕፅዋት ሊቅ ነው። በታኅሣሥ 1792 ማዕበል ሲያስጨንቃቸው በአውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ወደሚገኝ አንድ የባሕር ወሽመጥ ገብተው ተጠለሉ። ወሽመጡን «ተስፋ» በተባለችው መርከባቸው ስም ኤስፔራንስ አሉት፤ ዛሬም የከተማው ስም ይኸው ነው።

እዚያ ሲደርሱ ከማዕበሉ የባሰው ውኃ ጥም ሆነ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የምንለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ዙሪያቸውን ባሕር ከቧቸው የሚጠጣ አጡ። ወደ የብስ ወጥተው ኩሬ ባገኙ ቁጥር ጎንበስ ብለው ሲቀምሱት ጨው። ቀጥሎ ያለውም ጨው። ታሪኩ እንደሚለው በመጨረሻ ከአንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ጣፋጭ ውኃ አገኙና በደስታ ጨፈሩ። ላቢያርዲየርም ያን ቁጥቋጦ በጭፈራውና በመጠጡ ሰየመው ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ያ ምድር ባለቤት አልባ አልነበረም። የኑንጋር ሕዝብ ይኖርበታል፤ ቦታውንም ኬፓ ኩርል ይለዋል። «ኬፓ» ውኃ ነው። ኩርል ደግሞ ቡመራንግ፣ ያ የተቆለመመው የመወርወሪያ እንጨት። ውኃው እንደ ቡመራንግ የተጋደመበት ስፍራ ማለት ነው። እንግዶቹ ውኃ ፍለጋ አፈር ሲምሱ የዋሉት ስሙ ውኃ በሆነ አገር ላይ ነበር። የሚጠይቁት ሰው ቢያገኙ፣ ቋንቋውንም ቢያውቁ ኖሮ ጭፈራው ቀደም ብሎ ይጀመር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ያ ጉዞ አላማረም። ዳንትርካስቶ በ1793 በባሕር ላይ ሞተ፤ መርከቦቹ ጃቫ ሲደርሱ የአገራቸው ንጉሥ መገደላቸው ተሰማ፤ መኮንኖቹም ለንጉሥና ለሪፐብሊክ ተከፋፍለው ተጣሉ። ላቢያርዲየር ታሰረ፤ ለዓመታት የለቀመው የደረቀ ዕፅዋት ሁሉ ከእጁ ወጥቶ በኋላ እንግሊዞች ዘንድ ደረሰ። ሁለቱ አገሮች በጦርነት ላይ ነበሩ። ይሁንና የእንግሊዙ የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ባንክስ ስብስቡ ለባለቤቱ መመለስ አለበት ብሎ ሙጭጭ አለ፤ በ1796ም አስመለሰለት። መድፍ እየተተኳኮሱ ደረቅ ቅጠል በሳጥን መላክ! ይህ ታሪክ ከጭፈራው ይልቅ ደስ ይለኛል። ባይሆን ኖሮ በ1800 የታተመው የላቢያርዲየር የጉዞ መጽሐፍ ላይ ኮሪዜማ በስሟ ባልወጣች ነበር።

የስሙን ነገር ሳልጨርስ፣ በጭፈራው ታሪክ የማያምኑ ሰዎችም አሉ። እነሱ ቃሉ «መለየት» እና «ክር» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው ይላሉ። ይህን ለመረዳት አበባዋን መክፈት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አሁን ከታሪኩ ወጥተን ወደ ተክሉ እንግባ።

ኮሪዜማ የባቄላና የአተር ዘመድ ናት። የአተር አበባ አይታችሁ ከሆነ የእሷንም አይታችኋል፤ መጠኗ የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ከላይ ሰፋ ብሎ የቆመ አንድ መልካበባ (የአበባው ቅጠል) አለ፤ ከፊት ለፊት እንደ ክንፍ የታጠፉ ሁለት አሉ፤ በክንፎቹ መካከል ደግሞ ታንኳ የመሰለች ትንሽ ኪስ ተሸጉጣለች። ልዩነቱ ቀለሙ ላይ ነው። የቆመው መልካበባ ብርቱካን ነው፣ መሠረቱ ላይ ቢጫ ዓይን አለው። ክንፎቹ ግን ወደ ሐምራዊ ያደላ ኃይለኛ ቀይ ናቸው። ብርቱካንና ሐምራዊ ቀይ በአንድ አበባ! እናቴ ብታያት «ምን ያለ አለባበስ ነው» ትል ነበር። በጥር ማብቂያ፣ ውጭው በረዶ ለብሶ ሰማዩ አመድ በመሰለበት አገር ግን ያ አለባበስ ዓይን ያበራል። እንግሊዞች ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የወደዷትም ለዚህ ይመስለኛል።

ታንኳዋን በጥፍራችሁ ብትከፍቱ የአበባ ብናኝ የሚይዙት ክሮች ይወጣሉ። አሥር ናቸው። የባቄላም አሥር ነው፤ ነገር ግን የባቄላው ዘጠኙ ከሥር ተጣብቀው እንደ ቱቦ ይሆናሉ፣ አንዱ ብቻ ለብቻው ይቀራል። የኮሪዜማ አሥሩም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ናቸው። «የተለዩ ክሮች» የሚለው ትርጉም ከዚህ የመጣ ነው። የቱ እውነት ነው ብትሉኝ አእምሮዬ ወደ ክሮቹ፣ ልቤ ወደ ጭፈራው ያደላል።

የዚህ ወገን ዝርያዎች ከ25 በላይ ናቸው። ከጥቂት በቀር ሁሉም የሚገኙት በዚያው በአውስትራሊያ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ነው። በግሪን ሃውስ የታወቁት ግን ሁለቱ ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛዋ ላቢያርዲየር ያገኛት ናት፤ የቅጠሏ ጠርዝ እሾህ እሾህ ያለ በመሆኑ ሲነኳት ትዋጋለች። ሁለተኛዋ ቅጠሏ የልብ ቅርጽ ያለው ኮሪዜማ ኮርዳተም ናት፤ ግንዷ ቀጭን ስለሆነ ድጋፍ ካገኘች ተደግፋ ትወጣለች፤ የአበባዋም ብዛት ከሁሉም ይበልጣል።

አሁን የቀን መቁጠሪያችሁን አውጡ። የዚያ ማዕዘን ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድርቅ ነው። ከእኛ ክረምትና በጋ ጋር በወር በወሩ ይገጥማል ማለት ይቻላል። ዝናቡ ሲቀንስ ሜዳው በአበባ ይሞላል፤ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰው ከየከተማው አበባ ሊያይ ይወጣል። ኑንጋሮች ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍሉታል፤ ካምባራንግ የሚሉት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው፣ የአበባው ወቅት ነው። እንግዲህ እዚህ አደይ እንጦጦ ላይ ቢጫ ስትሆን፣ እዚያ ኮሪዜማ ብርቱካን ትሆናለች። ወደ አውሮፓ ስትሄድ ግን ወሯን ትገለብጣለች፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ታብባለች። ተክል የሚያነበው ብርሃኑንና ቅዝቃዜውን እንጂ የወር ስም አይደለም።

ወሩ ይግጠም እንጂ አፈሩ ሌላ ነው። የእኛ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። በምድር ታሪክ ይህ ትናንት ነው። የደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ምድር ግን እጅግ ያረጀ ነው፤ አፈሩን የሚያድስ እሳተ ገሞራም ሆነ የበረዶ ግግር ሳይነካው ዝናብ ብቻ ለማይቆጠር ዘመን አጥቦታል። የቀረው አሸዋና ቀይ ጠጠር ነው። በተለይ ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር እዚያ እንደ ወርቅ ብርቅ ነው። ታዲያ በዚህ ደሃ አፈር ላይ ወደ 8,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በዓለም ላይ ሌላ የትም የሉም። ኮሪዜማ እንደ ባቄላ ሥሯ ላይ ትናንሽ እብጠቶች አሏት፤ እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይሰጧታል። ፎስፈረሱን ግን ከአፈሩ በቁንጣሪ እየለቀመች መኖር ለምዳለች።

ይህን ቁንጣሪ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ አገር ዘር እንዴት ወደ አውሮፓ ግሪን ሃውስ ገባ? ስለ መርከቦችና ስለ ሊቃውንት ብዙ ተጽፏል። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ሴት ነው። ጆርጂያና ሞሎይ ትባላለች። በ1830 ከባሏ ጋር ከብሪታኒያ ተሰድዳ ኦገስታ በተባለች የምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ላይ ሰፈረች፤ ያኔ እዚያ ከጫካና ከባሕር በቀር ብዙ አልነበረም። በ1830ዎቹ አጋማሽ ጄምስ ማንግልስ የተባለ የአበባ ፍቅር ያለበት መኮንን ከእንግሊዝ ደብዳቤና የአትክልት ዘር የሞላ ሳጥን ላከላት፤ ሳጥኑን በአገሩ ዕፅዋት ዘር ሞልተሽ መልሽልኝ አላት። የዕፅዋት ትምህርት አልነበራትም። እንዲህ እያለ በ1837 ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጇ ውኃ ጉድጓድ ገብቶ ሞተ።

ከሐዘኗ በኋላ ዘር መልቀም ጀመረች። ልጆቿን እያስከተለች፣ አገሩን የሚያውቁት የኑንጋር ሰዎች እየረዷት፣ ከአንድ ተክል አበባውን ወስዳ ታደርቃለች፤ ያንኑ ተክል ምልክት አድርጋ ትታው ፍሬው ሲበስል ትመለሳለች። የአገሩ ፍሬ ደግሞ የሚጠብቅ አይደለም፤ ብዙው በሞቃት ቀን ጠ! ብሎ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። አንድ ቀን ያረፈደ ባዶ ቆባ ነው የሚያገኘው። የደረቀውን አበባና የዘሩን ከረጢት በአንድ ቁጥር ትመዘግባቸዋለች፤ እንግሊዝ ያለው ሰው የቱ ዘር የየትኛው አበባ እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። ይህ ቀላል ይመስላል። ዘር ገዝቶ የተዘራበት ያውቃል፤ ካሮት ብሎ ዘርቶ ጎመን ያበቀለ በመካከላችሁ አይጠፋም። የእሷ ዘር ንጹሕ ስለነበር ማንግልስ ያከፋፈላቸው አትክልተኞች ብዙውን አብቅለውታል። በ1843 ከወሊድ በኋላ ታማ በ37 ዓመቷ አረፈች። በስሟ የተጠራው ተክል የዚያው አገር ሌላ ቁጥቋጦ፣ ቦሮኒያ ሞሎያይ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ አንድ ኮሪዜማም ይገባት ነበር።

እሷ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1845፣ እንግሊዝ በመስታወት ላይ የነበረውን ግብር አነሣች። ከዚያ በፊት የመስታወት ቤት የመሳፍንት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነጋዴውም ሐኪሙም ጓሮው ውስጥ መሥራት ቻለ። የአውስትራሊያ ቁጥቋጦዎችም በየቤቱ ገቡ።

እኛ አገር ግሪን ሃውስ ሲባል የሚታየን በሆለታ፣ በዝዋይና በቢሾፍቱ ያለው የፕላስቲክ ጣሪያና ከሥሩ የተደረደረው ጽጌረዳ ነው። ብዙ ሰውም ግሪን ሃውስ ማለት ማሞቂያ ይመስለዋል። የድሮዎቹ አትክልተኞች ግን ሁለቱን ለይተው ነው የሚያውቁት። አንደኛው ቤት የሚነድድበት፣ እንፋሎት የሞላበት፣ አናናስና የቆላ ተክል የሚያድርበት ነው። ሁለተኛው ውርጭ ብቻ የሚከለከልበት ቀዝቃዛ ቤት ነው። ኮሪዜማ የሁለተኛው ናት። ሌሊት 5 ወይም 7 ዲግሪ ይበቃታል፤ ቀን ውጭው ካልበረደ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል። የኅዳር ሌሊት አዲስ አበባ ውጭ አድራችሁ ከሆነ ያን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሞቃቱ ቤት ውስጥ ካስገባችኋት ቅርንጫፏ ይረዝማል፣ ቅጠሏ ይሳሳል፣ በዓይን እምብዛም የማትታይ ቀይ ተባይ ከሥር ድር ታደራባታለች፣ አበባም አይኖርም።

አሁን ወደ ቁንጣሪዋ ልመለስ። ወጣት ሳለሁ በሰሜን አውሮፓ በአንድ የዕፅዋት ማዕከል ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። የቤቱ ኃላፊ አረጋዊ ሰው ነበሩ፤ አንድ ኮርዳተም በማሰሮ ሰጡኝና «ይቺን ጠብቅ» አሉኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ዳፕ ማዳበሪያ ሲመጣ ማሳው እንዴት እንደተለወጠ እያየሁ አድጌአለሁ፤ ዳፕ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ፎስፌት ነው። ለእኛ ቀይ አፈር ጥሩ ነው፤ አፈራችን ፎስፈረሱን ይዞ ስለማይለቅ ከላይ መጨመር ያስፈልጋል። ተክሏ ደከም ስትልብኝ አዘንኩላትና አንድ ቀን ኃላፊው ሳያዩ ያንኑ የመሰለ ማዳበሪያ በማንኪያ ሰጠኋት። ውኃም አብዝቼ አጠጣኋት።

በሁለተኛው ሳምንት የአሮጌ ቅጠሎቿ ጠርዝ ቢጫ ሆነ። ተርባለች ብዬ ደገምኩላት። ጠርዙ ጠቆረ፤ እሳት የላሰው ወረቀት መሰለ። ከዚያ ቅጠሉ በነካኋት ቁጥር ይረግፍ ጀመር። በወሩ ማሰሮው ውስጥ የቀረው ጭራሮ ነበር። ቅንድብ ሊኩሉ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይህ ነው። ኃላፊው መጥተው ማሰሮውን ገለበጡት፤ አፈሩን በጣታቸው አሽተው ነጩን የማዳበሪያ ፍሬ አገኙ። አልተቆጡም። «በጥጋብ ነው የገደልካት» አሉና የሞተችውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ትንሽ የወረቀት ከረጢት አገኘሁ፤ ውስጧ አሥራ ሁለት ጥቋቁር ዘሮች።

ዘሩን እንዴት እንደማበቅለው አልነገሩኝም። እንዲሁ ዘርቼ ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። አፈሩን ቆፍሬ ሳወጣቸው እንደተዘሩ ናቸው፤ አንዱም አላበጠም። የዘሩ ቆዳ ውኃ አያስገባም። በአገራቸው ሰደድ እሳት ሲያልፍ ሙቀቱ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፤ እሳቱ ያጸዳው መሬት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ያበቅላል። እኔ ቤት እሳት የለም። ስለዚህ ውኃ አፈላሁ። ዘሮቹን ሲኒ ውስጥ አድርጌ የፈላ ውኃ አፈሰስኩባቸውና እንዲያድሩ ተውኳቸው። ጠዋት ሳይ ስምንቱ አብጠው ምስር አክለዋል፤ አራቱ እንደነበሩ ናቸው። አራቱን በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጎናቸውን ፋቅ ፋቅ አድርጌ መልሼ ዘፈዘፍኳቸው፤ ሦስቱ አበጡ። ብዙ አሸዋ፣ ጥቂት የቅጠል ብስባሽ፣ ማዳበሪያ የሚባል ነገር የለም። ውኃ የማጠጣው የማሰሮው አፈር ከላይ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን እንዲደርቅ አልተውም። ካበበች በኋላ ስገርዛት ታቆጠቁጣለች፤ ሳይገረዝ ከቀረ እግሯ ባዶ ሆኖ ጫፏ ላይ ብቻ ታብባለች።

በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ አንዷ አበበች። ውጭ በረዶ ይጥላል። ኃላፊው ያን ጊዜ ጡረታ ሊወጡ ሳምንታት ቀርተዋቸዋል፤ መነጽራቸውን ገፍተው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፣ ከዚያ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ። ደረቅ አሸዋ ብቻ ነበር። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ከንግግሩ በፊት አንዲት እኅት «እዚህ ብንተክላትስ?» ብለውኝ ነበር። ብርዱም ወሩም ይስማማታል። የክረምታችን ዝናብ ግን በጣም ይበዛባታል፤ ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ ሥሯ በሐምሌ ይበሰብሳል። በማሰሮ፣ በአሸዋ፣ ከጣሪያ ጠርዝ በታች ብትሆን ዕድል አላት። ዘር ከውጭ ስታስመጡ ደግሞ በኳራንቲን በኩል ይሁን፤ ባህር ዛፍን በምኒልክ ዘመን ስናስመጣ የጠየቀን አልነበረም፣ ዛሬ ግን መጠየቅ አለብን።

እስከዚያው ግን ዘመዷ ደጃችን ላይ አለች። መስከረም ነው፤ ከከተማ ትንሽ ወጣ ስትሉ ባቄላው አብቧል። አንድ አበባ ብቻ ቀንጥሱ፣ ባለ ማሳውን አስፈቅዳችሁ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸውን ክንፎች በጥፍራችሁ ለዩና ታንኳዋን ክፈቱ። ክሮቹን ቁጠሩ። ዘጠኙ ተያይዘው ይወጣሉ፤ አሥረኛው ብቻውን ነው።